አራት ቀለም ያለበት በር

አቧራ በበዛበት አገር መኪና የሚቀባው በማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ ከርራ ነፋሱ ሳይነሳ፣ መብራትም ሳይጠፋ። ጂንካ ውስጥ ወደ አንድ ጋራዥ በገባሁበት ጠዋት ልጆቹ ግቢውን ውሃ እየረጩ አቧራውን ያስተኙ ነበር። ኮምፕረሰሩ ተነስቷል፤ ዱኮውም ተበጥብጧል። ሆኖም ያን ዕለት ቀለም የሚባል ነገር አልተረጨም። ባትላሜራው የአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር የግራ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ቆየና ድንገት አቆመ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ዋናው መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠራረጉ መጡ። ከእጀታው በታች የመዳፍ ስፋት ያህል ተፍቋል፤ የተፋቀው ቦታ ክብ በክብ ሆኖ ወጥቷል። ዳር ዳሩ የአስጎብኚ ድርጅት ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከእሱ ሥር ነጭ አለ፤ ነጩ ላይ የግማሽ ፊደል ጥግ ቀርቷል፣ በአንድ ወቅት የዕርዳታ ድርጅት ስም ተጽፎበት ነበርና። ከነጩ ሥር ያለው ግራጫ የብሩሽ ጭረት አለበት፤ የቀባው ሰው ቸኩሎ ነበር። መሐል ላይ ብቅ ያለው ግን ወደ አሸዋነት የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ነው፤ እኩልና ልስልስ ያለ፣ ከሥሩ የፋብሪካው ፀረ-ዝገት ብቻ ያለበት።

የመኪናዋ ባለቤት ዕድሜያቸውን ቱሪስት ይዘው ከጂንካ ቱርሚ፣ ከቱርሚ ኦሞራቴ ሲመላለሱ የኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። አሁን ከአዲስ አበባ ገዢ መጥቶላቸዋል። ገዢው ወጣት ነው፤ ኤፍጄ40 የምትባለዋን አጭሯን ላንድክሩዘር በፎቶ ሲያያት ያደገ። ቃሉ አጭር ነበር፦ «ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጋችሁ አድሱልኝ።» ባትላሜራው አረንጓዴውን ሊያድስ ነበር ያሰበው፤ ሰፈሩ መኪናዋን የሚያውቃት በአረንጓዴነቷ ነዋ።

እንዲህ ያለው ክርክር አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ፖንቲያክ ለትልልቅ መኪኖቹ የሠራውን 389 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተር መካከለኛ መጠን ባላት መኪና ውስጥ ጭኖ «ጂቲኦ» ብሎ ሸጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ክራይስለር 425 የፈረስ ጉልበት ያለውን 426 ሄሚ ሞተሩን፣ ሼቭሮሌት ደግሞ በ1970 ቼቬል ላይ 450 የፈረስ ጉልበት ያለውን 454 ሞተር አወጡ። አሜሪካኖቹ «ባለጡንቻ» የሚሏቸው እነዚህ መኪኖች ዘመናቸው አጭር ነበር። የኢንሹራንስ ዋጋ ናረ፣ የጭስ ደንብ ጠበቀ፣ በ1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፤ በቃ። ያኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ሊገዟቸው ያልቻሉ ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ናቸው፤ ገንዘብም አላቸው።

እነዚህ ሰዎች እድሳት ሲሉ መኪናው እንዲያምር ብቻ ማለታቸው አይደለም። በውድድር ላይ ለሚቀርብ መኪና ማማር ራሱ ነጥብ ያስቀንሳል። ጄኔራል ሞተርስ በዚያ ዘመን የሚቀባው አክሪሊክ ላኬር ነበር፤ በዛሬው ባለሁለት ድርብ ቀለም የተቀባ ቼቬል ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ይበልጥ ስለምታብረቀርቅ ዳኛው «ከልክ በላይ ታድሳለች» ይላታል። የፋብሪካው ሠራተኛ በችኮላ ሲረጭ ከፓራፋንጎው ሥር የተበተነው ቀለም እንኳ ተመልሶ መበተን አለበት። ተቆጣጣሪው በጠመኔ የጻፈው ምልክት ሻንሲው ላይ ይደገማል። ቡሎኑ በጥቁር ፎስፌት የተነከረ ከነበረ ዛሬም እንዲሁ ይነከራል፤ በዚንክ የተለበጠውም እንዲሁ። መስታወቱ ላይ የታተመው የተመረተበት ወር ከመኪናው መገጣጠሚያ ቀን ቢዘገይ ውሸቱ ወጣ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ቁጥሩ አለ። የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ዋጋው ይወድቃል። ለዚህም የወረቀት ማስረጃ ይፈለጋል። የፎርድ ባለቤት ዕድለኛ ነው፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመረቱ መኪኖች መዝገብ ተቀምጧል፣ ከፍሎ ዝርዝሩን ያወጣል። የሼቭሮሌት ባለቤት ግን ይቸገራል። ከ1966 እስከ 1968 የወጣችው ቼቬል ኤስኤስ 396 የሻንሲ ቁጥሯ በ138 ስለሚጀምር ትታወቃለች፤ ከ1969 ጀምሮ ግን ተራዋ ቼቬል ማሊቡና ኤስኤሷ በቁጥር አይለዩም። አስመሳዮች የተፈለፈሉት በዚች ቀዳዳ ነው። ባጅና ኮፈን ቀይሮ ተራዋን መኪና ኤስኤስ ማድረግ ለጎበዝ ባትላሜራ ብዙ ሥራ አይደለም።

ጂንካ ላይ ባለጡንቻ መኪና ፈልጌ አላገኘሁም፤ ቢኖርም ከጋራዡ በር አያልፍም ነበር። እዚህ ያለው ክብር የሌላ ነው። ደቡብ ኦሞን የከፈቱት ባለአራት ጎማ ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ የሣር ሜዳው የአውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል የነበረ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በእግር ካልሆነ በእነሱ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ክትባት የሚሰጠው፣ ሚሲዮኑ፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የጥንት ሰው አጥንት የሚቆፍረው ተመራማሪ፣ በኋላም ሐመርንና ሙርሲን ሊያይ የሚመጣው ቱሪስት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ነበር የሚፈልጉት። ብዙ ጊዜም ያው አንዱ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። የመንግሥት ንብረት በጨረታ ይወጣል፣ ድርጅት ፕሮጀክቱን ሲጨርስ ይሸጣል፣ አስጎብኚው ይገዛል። የበሩ ክቦች ይህንኑ ነው የሚያሳዩት። ግራጫውን ማን እንደቀባው ግን ባለቤቱም አያውቁ፣ ሊብሬውም አይናገር።

አሜሪካና ጂንካ እንዳሰብኩት አልተራራቁም። ቶዮታ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው የመኪና ሞተር የተቀዳው ከሼቭሮሌት ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ነው፤ ላንድክሩዘርን ለአሥርት ዓመታት የገፋው «ኤፍ» የሚባለው የቤንዚን ሞተርም የመጣው በዚያው መስመር ነው። አሜሪካዊው ኤፍጄ40 ሲገዛ ይህን ዘመድ አውጥቶ የሼቭሮሌት ቪ8 ይጭናል። ጂንካ ላይ የተደረገው ተቃራኒው ነው። 4.2 ሊትሩ ቤንዚን ጠጪ ወጥቶ፣ ከተጋጨ ረጅም ላንድክሩዘር የተወሰደ «ቱ ኤች» የተባለ አራት ሊትር ናፍጣ ገብቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቱርሚ ድረስ ሄዶ መመለስ ብዙ ቤንዚን ይፈጃል፣ ናፍጣ ግን የጭነት መኪና ከደረሰበት ሁሉ ይገኛል። የናፍጣው ፖምፓ በሜካኒክ የሚሠራ ስለሆነ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ካንዴላም የለው፣ ካርቡራቶርም የለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲቀያየር እዚህ ስለ ኦርጅናልነት ግድ የሚሰጠው የለም ብዬ ነበር። ዋናው መካኒክ ብዙም ሳይቆዩ ከዚህ ሐሳብ አስወጡኝ። ረዳታቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ የመጣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ይዞ ገባ፤ ካርቶኑ የጃፓን ስም አለበት፣ ላስቲኩ አልተቀደደም። እሳቸው ካርቶኑን ሳያዩ ጣሉት። ኩሽኔታውን በመዳፋቸው መዘኑት፤ ከዚያም ከመኪናዋ የወጣውን አሮጌውን በሌላው እጃቸው ያዙ። ጥፍራቸውን በተጻፈው ቁጥር ላይ አንሸራተቱ። አሮጌው ላይ ቁጥሩ ብረቱ ውስጥ ገብቷል፤ አዲሱ ላይ ጥፍር አልያዘም። በመጨረሻ ጆሯቸው ሥር አዙረው አዳመጡትና ወደ ረዳቱ ዘረጉት።

«መልሰው። ከአዲስ ፎርጅድ ያገለገለ ኦርጅናል ይሻለኛል። ይሄን አስሬ ማጎ ፓርክ ላይ ጎማ ቢወልቅ ማን ይጠየቃል?»

ረዳቱ ገንዘቡ እንደማይመለስ አጉረመረመ። እሳቸው የመርካቶዋን ሶማሌ ተራ እንደ ቤታቸው ያውቋታል፤ የትኛው ሱቅ ከፈረሰ መኪና የወጣ ዕቃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ደግሞ ካርቶን ብቻ ኦርጅናል እንደሚሸጥ። ስልክ ደወሉና ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡ።

ልዩነቱን የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ሰብሳቢ በዓይን ለሚታየው ይሟገታል፤ የቀለሙ ዓይነት፣ የቡሎኑ ራስ ላይ ያለው ምልክት፣ የጎማው ጽሑፍ። መኪናውን በተጎታች ጭኖ ወደ ውድድር ይወስደዋል፤ ዝናብ አይነካውም። የጂንካው መካኒክ የሚሟገተው ለማይታየው ነው፤ ለኩሽኔታው፣ ለፍሬኑ ጎሚኒ፣ ለፖምፓው ውስጥ ዕቃ። ቀለሙን ባለቤቱ ቢጫ አድርግ ቢሉት ቢጫ ያደርጋል። ሁለቱም ኦርጅናል አምላኪ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሁለተኛው እምነት ይከብዳል፤ ስህተቱ የሚያስከፍለው ነጥብ ሳይሆን ሕይወት ነውና።

መንገዱ ነው ይህን ያስተማረው። አስፋልት ጂንካ ከመድረሱ በፊት ከኮንሶ ተነስቶ ወይጦን አቋርጦ ቀይ አፈር ድረስ ያለው ጉዞ መኪና ይፈትን ነበር። ዛሬም ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል መንገዱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። ንዝረቱ ለሰዓታት ሲቀጥል ቡሎን ይፈታል፣ ሻንሲው ከአሞርቲዘር መያዣው አጠገብ ይሰነጠቃል፣ የባሌስትራ ዋና ቅጠል ይሰበራል። አቧራው የአየር ማጣሪያውን አልፎ ፒስተን ይበላል። ክረምት ሲገባ የማጎ ጥቁር አፈር መኪናውን እስከ ዲፈረንሻሉ ይውጣል። አንድ ውለታ ግን አለ፤ ቆላው ደረቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የዚያን ዘመን መኪኖች ከሥር በልቷቸዋል፤ እዚህ ግን በሩ ሲፋቅ ፀረ-ዝገቱ ገና በቦታው ነበር። ለአርባ ላንድክሩዘር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የበሩ ግርጌና ከኋላ ጎማ ጀርባ ያለው ላሜራ በዝገት የታወቀ ነውና።

ከሥራ የወጣው ዕቃ ደግሞ አይጣልም። የተሰበረ ባሌስትራ ለአሪ አንጥረኞች ጥሩ ብረት ነው፤ በእሳት ተቀጥቅጦ መጥረቢያና መቆፈሪያ ይሆንና የቅዳሜ ገበያ ላይ ይወጣል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ካላማዳሪያው ተተልትሎ ጭነት ማሰሪያ ነው። ኦርጅናል የአርባ ላንድክሩዘር ባሌስትራ ፈልጎ ጂንካ የሚመጣ ሰብሳቢ ቢኖር፣ ግማሹን ገበሬው እጅ ላይ ያገኘዋል።

ጋራዡ ጥግ ላይ አንድ የላንድሮቨር ሻንሲ ብቻውን ቆሟል። አካሉ የለም። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት ብረት በራሽን የምታከፋፍልበት ጊዜ ስለነበር ላሜራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ የተቀቡትም ለጦር አውሮፕላን ከተሠራው የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነው። የድህነት መፍትሔ ነበር፤ ግን ላሜራው ሳይዝግ ሻንሲው ይዝጋል። እዚህ የሆነው ግን ሌላ ነው። አሉሚኒየሙ ገዢ ስላለው ተቆራርጦ ተሸጠ። «መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ድስት ሆኗል» አሉኝ የሻንሲው ባለቤት፣ ሳይቆጩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለአሮጌ መኪና ያለው ፍቅር ሌላ መልክ አለው። ቮልስዋገኗ አሁንም መንገድ ላይ ናት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣቻቸው መኪና ቮልስዋገን መሆኗን የማያነሳ የቮልስ ባለቤት አላጋጠመኝም። ወጣቶች ቮልስና ፊያት ቀብተው፣ ወንበር አልብሰው ለሠርግ ያከራያሉ። ከዚህ ጋር የሕጉ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ፎርድ ሙስታንግ ከውጭ አስመጥቶ ሊያድስ የሚመኝ ሰው በሩ ተዘግቶበታል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ግን ተፈላጊነቱ ጨመረ። የአዲስ አበባው ወጣት ጂንካ ድረስ የመጣው በፍቅር ብቻ አይመስለኝም። ውጭ አገር በደንብ የታደሰች ኤፍጄ40 ከ100,000 ዶላር በላይ እንደተሸጠች ያውቃል። ቶዮታ ራሱ ላንድክሩዘር 70 ዓመት የሞላው ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ለአርባ ሞዴል ምርታቸው የቆመ መለዋወጫዎችን እንደገና እንደሚያመርት ማስታወቁንም ያውቃል።

«እንግዲያው የፋብሪካው ቀለም ይቀባ» አለ ወጣቱ፣ በሩን ካየ በኋላ። የቶዮታን የቀለም ስሞች በቃሉ ይዟል፤ ይቺ «ዱን ቤዥ» ናት፣ ጣራዋ ነጭ መሆን አለበት አለ። ባለቤቱ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ግን በዚህ ቀለም አንድም ቀን አልነዳኋትም» አሉ።

እኔ ከባለቤቱ ጋር ነኝ። ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ወገንተኝነቴ አንድ ጥሩ ምስክር አለኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ በዚያ ወር የተሸጠችው አረንጓዴ የ1968 እ.ኤ.አ. ሙስታንግ በ«ቡሊት» ፊልም ላይ ስቲቭ ማክዊን የነዳት ናት። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ነበረች፤ የቤቱ እመቤት ሥራ ይሄዱባት ነበር። ማክዊን በ1977 እ.ኤ.አ. ልግዛችሁ ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍም አልሸጡለትም። በኋላ ስትወጣ ቀለሟ የተጎዳ፣ ዝገት የነካት፣ ለፊልሙ ካሜራ ማሰሪያ የተበየደው ብረት ሥሯ ያለባት ነበረች። መልኳን ማንም አላደሰውም። ያቺ መኪና ክፍያዎቹን ጨምሮ 3.74 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ቀለም እንደ አዲስ ለማስመሰል ገንዘቡን የሚያፈሰው ገበያ ራሱ፣ ታሪክ ያላት መኪና ስትመጣ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ።

እርግጥ የጂንካዋን መኪና ማንም በፊልም አያውቃትም። ወጣቱም የሚከፍለው ገንዘብ የራሱ ነው። ነጩ ላይ ያለው ግማሽ ፊደል ለእሱ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በድርቅ ጊዜ እህል ስታመላልስ ላዩዋት ግን ያቺ መኪና ነጭ ናት። አሸዋማው ቀለም ከፋብሪካ እስከ ወደብ፣ ከወደብ እስከ መጀመሪያው መሥሪያ ቤት የኖረች መኪና ቀለም ነው። የበሩን የውስጥ ገጽ ሳትነኩ ተዉት ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ባትላሜራው ሣቀብኝ። «የውስጡማ መጀመሪያውኑም አልተቀባም፤ ማን ያየዋል ተብሎ?» አለ። በሩን ገልብጦ አሳየኝ፤ እውነትም የመጀመሪያው ቀለም እዚያ ነበር፣ በሹፌሩ ክርን ተፈግፍጎ ላሜራው ድረስ የሳሳ።

የቀለሙ ነገር በዚሁ ለገዢው ተተወ። ክርክሩ ያልበረደው ሞተሩ ላይ ነው። ወጣቱ «ናፍጣው ወጥቶ የራሷ ቤንዚን ይግባ» ይላል። የመጀመሪያው ሞተር አልጠፋም፤ ከጋራዡ ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አንድ ሲሊንደሩ ተሰንጥቋል፤ ካሚቻ ሊገባለት፣ ለዚያም ቶርኖ ቤት ሊወሰድ ነው። ካርቡራቶሩ የለም። ዋናው መካኒክ ሸራውን ገልጠው ቁጥሩን በናፍጣ አጠቡትና አነበቡት፤ ባለቤቱ ከኪሳቸው ሊብሬውን አወጡ። አልገጠመም። ናፍጣው የገባ ጊዜ ሊብሬው በናፍጣው ሞተር ቁጥር ተቀይሯልና፣ በወረቀት ላይ የዚች መኪና ትክክለኛ ሞተር አሁን ኮፈኑ ሥር ያለው ነው። ፋብሪካው የሰጣትን መልሶ ማስገባት ማለት ደግሞ መመርመርና ወረቀት ማስቀየር ማለት ነው።

ወጣቱ ሁለቱን ቁጥሮች በስልኩ ፎቶ አነሳ። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሞተሩን በሳምንት አወርድልሃለሁ፤ አንተ ግን መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ» አሉት። «ካልተፈቀደ ይሄው ይሥራ። አንድም ቀን ቆሞባቸው አያውቅም።»